ምዕራፍ 12፦ ማሸነፍና ማሯሯጥ

(ስለ ተደራራጊና አደራራጊ ግሦች፤ ስለ ዐረፍተ ነገር ባለቤት አመራረጥ)

ባለፈው ምዕራፍ ከአምስቱ የግሥ አዕማድ ውስጥ አድራጊን፣ ተደራጊንና አስደራጊን ተመልክተናል። የቀሩት ሁለቱ ተደራራጊና አደራራጊ ይባላሉ። ብዙ ተማሪዎች እነዚህን ሁለቱን ለፈተና ያህል ይሸመድዷቸውና ፈተናው ባለፈ ማግስት ይረሷቸዋል። ይህ የሚያሳዝን ነው፤ ሰዎች ተባብረው የሚሠሩትን ሥራ እንደ ሁኔታው ለመግለጽ ከእነዚህ ከሁለቱ የበለጠ የሚያገለግል መሣሪያ በቋንቋችን ውስጥ በቀላሉ አይገኝምና። ስለዚህ ደንቡን ከመዘርዘራችን አስቀድመን አንድ ምንባብ እናቀርባለን። ስታነቡ ደብተራችሁን ክፈቱና ሥራውን የሠራው ማን እንደ ሆነ፣ በማንስ ረዳትነት እንደ ሠራው እየለያችሁ መዝግቡ።

ሀ. ምንባብ

አራተኛ የወጣው ሰው

ሐምሌ 20 ቀን 1972 ዓ.ም. በሞስኮ ከተማ የኦሊምፒክ የ10,000 ሜትር ሩጫ ፍጻሜ በተካሄደ ጊዜ ሦስት ኢትዮጵያውያን በመነሻው መሥመር ላይ ቆመው ነበር። እነርሱም ምሩጽ ይፍጠር፣ መሐመድ ከድርና ቶሎሳ ቆቱ ናቸው።

ከሦስቱ በዕድሜም በልምድም የሚበልጠው ምሩጽ ነበር። ምሩጽ በ1964 ዓ.ም. በሙኒክ በተደረገው ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር የነሐስ ሜዳሊያ አግኝቷል፤ በ5,000 ሜትር ግን የመነሻው ሰዓት አልፎበት ሳይሮጥ ቀረ። አራት ዓመት ቆይቶ በ1968 ዓ.ም. የሞንትሪያል ኦሊምፒክ ደረሰ። በዚያን ጊዜ ደግሞ የኒው ዚላንድ የራግቢ ቡድን የዘር መድልዎ ወደ ነገሠባት ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በመጫወቱ ኢትዮጵያን ጨምሮ ብዙ የአፍሪካ አገሮች ከውድድሩ ወጡ። ስለዚህ ምሩጽ በሞስኮ ሲሰለፍ ስምንት ዓመት ሙሉ ሲጠብቀው የኖረው ቀን ነበር።

በዚያው መሥመር ላይ የፊንላንዱ ላሴ ቪረን ቆሟል። ቪረን በሙኒክም በሞንትሪያልም 5,000ውንና 10,000ውን ሜትር አከታትሎ ያሸነፈ፣ ስሙ ብቻ ተወዳዳሪዎቹን የሚያስፈራ ሯጭ ነበር። የአገሩ ልጅ ካርሎ ማኒንካም አብሮት ነበር።

10,000 ሜትር በስታዲየም ውስጥ 25 ዙር ነው። በዚህ ርቀት ከፊት ሆኖ የሚመራ ሰው ሁለት ሸክም ይሸከማል። አንደኛው ነፋሱ ነው፤ የተቀሩት በእርሱ ተከልለው ሲሮጡ እርሱ ነፋሱን በደረቱ እየሰነጠቀ ይሄዳል። ሁለተኛው ሐሳብ ነው፤ ፍጥነቱ ምን ያህል ይሁን፣ መቼ ይጨመር፣ መቼ ይቀነስ የሚለውን የሚወስነው እርሱ ነው። ከኋላ ያሉት ግን ተረከዙን እያዩ መከተል ይበቃቸዋል። አንድ ሰው ብቻውን ከዳር እስከ ዳር ከመራ፣ እጅግ የላቀ ጉልበት ያለው ካልሆነ በቀር፣ በመጨረሻው ዙር ሲከተሉት በነበሩት ይቀደማል።

ሦስቱ ኢትዮጵያውያን ይህን ሸክም ተከፋፈሉት። አንዱ ሲመራ ሁለቱ እያረፉ፣ መሪነቱን እየተቀባበሉ ሮጡ። ፍጥነቱንም በአንድ ልክ አልያዙትም፤ አንድ ጊዜ ያጦፉታል፣ ወዲያው ያረግቡታል፣ እንደ ገና ያጦፉታል። እርምጃውን በእኩል ልክ ይዞ መሮጥ የለመደ ተወዳዳሪ እንዲህ ያለ መለዋወጥ ሲገጥመው ትንፋሹ ይዛባል። ዙሩ እያለቀ ሲሄድ ከፊት የቀሩት አምስት ሰዎች ብቻ ሆኑ፤ ሦስቱ ኢትዮጵያውያንና ሁለቱ ፊንላንዳውያን። 300 ሜትር ያህል ሲቀር ምሩጽ ከመካከላቸው ተፈትልኮ ወጣ። ሕዝቡ «ማርሽ ቀያሪው» የሚል ስም ያወጣለት እንዲህ ባለው አፈታተሉ ምክንያት ነው። በ27 ደቂቃ ከ42.7 ሴኮንድ የመጨረሻውን መሥመር አለፈ። ማኒንካ ሁለተኛ፣ መሐመድ ከድር ሦስተኛ፣ ቶሎሳ ቆቱ አራተኛ፣ ቪረን አምስተኛ ሆኑ። ከአምስት ቀን በኋላ ምሩጽ በ5,000 ሜትርም ሁለተኛ ወርቅ አገኘ።

ቶሎሳ ከመሐመድ በኋላ የገባው ሁለት ሴኮንድ በማይሞላ ልዩነት ነበር። ሜዳሊያ ግን የሚሰጠው ለሦስት ሰዎች ብቻ ነው፤ ሰንደቅ ዓላማው ሲሰቀል ቶሎሳ በመድረኩ ላይ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ስለ ዕለቱ የሚናገር ሰው ሁሉ «ምሩጽ አሸነፈ» ይላል። ይህ ዐረፍተ ነገር ሐሰት የለበትም። ነገር ግን ከ25ቱ ዙሮች ውስጥ የሚናገረው ስለ መጨረሻው 300 ሜትር ብቻ ነው። ቶሎሳና መሐመድ በየተራቸው በደረታቸው የሰነጠቁት ነፋስ በየትኛው ቃል ውስጥ ይገኛል? ቶሎሳ ቆቱ ከጊዜ በኋላ አሠልጣኝ ሆኖ ከእርሱ ቀጥሎ ለመጣው ትውልድ ሩጫ አስተምሯል፤ ይህም ቢሆን በሜዳሊያ መዝገብ ላይ የሚጻፍ ነገር አይደለም።

ስለ ሁለተኛው ሰውም አንድ ቃል መጨመር ይገባል። ማኒንካ ከውድድሩ በፊት ጉልበቱን ለማጠንከር ደም እንደ ተሰጠው ከጊዜ በኋላ ራሱ በአደባባይ ተናግሯል። በዚያ ዘመን ይህን የሚከለክል ደንብ ስላልነበረ ሜዳሊያው አልተነካም። ሰውየው ማንም ሳያስገድደው ይህን መናገሩ የሚያስከብረው ነው። የውጤት ሰንጠረዥ ግን ሰው ስንተኛ እንደ ወጣ እንጂ እንዴት እንደ ወጣ አይጽፍም።

ከሞስኮ 24 ዓመት በኋላ፣ ነሐሴ 14 ቀን 1996 ዓ.ም.፣ በአቴንስ ኦሊምፒክ በዚያው በ10,000 ሜትር ፍጻሜ ላይ ሌሎች ሦስት ኢትዮጵያውያን ተሰለፉ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ይህን ርቀት በአትላንታና በሲድኒ ኦሊምፒኮች አከታትሎ ያሸነፈ ሲሆን ለሦስተኛ ጊዜ ለመሮጥ የቀረበው እግሩ ታሞ ነው። ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስኅን ከእርሱ ያነሱ ወጣቶች ነበሩ። ውድድሩ እየገፋ ሲሄድ ኃይሌ ወደ ኋላ ቀረ። በዚህን ጊዜ ሁለቱ ወጣቶች ደጋግመው ወደ ኋላ ዞሩ፤ ፍጥነታቸውንም ቀነሱለት። በኦሊምፒክ ፍጻሜ ላይ ወደ ኋላ መዞር አሠልጣኞች አጥብቀው የሚከለክሉት ነገር ነው፤ እርምጃን ያበላሻል፣ ለተቀናቃኝም ትንፋሽ ይሰጣል። በአጠገባቸውም ኤርትራዊው ዘርኢሰናይ ታደሰና ኡጋንዳዊው ቦኒፌስ ኪፕሮፕ ነበሩ። ሁለቱ ግን ጠበቁት። ኃይሌ ሊደርስባቸው እንደማይችል በታወቀ ጊዜ ብቻ ትተውት ሄዱ።

ቀነኒሳ በ27 ደቂቃ ከ5.1 ሴኮንድ አንደኛ፣ ስለሺ ሁለተኛ ወጡ። ዘርኢሰናይ ሦስተኛ ሆኖ ለአገሩ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ሜዳሊያ አስገኘ። ኃይሌ አምስተኛ ገባ። ቀነኒሳ የሮጠበት ሰዓት አዲስ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ነበር፤ የቀድሞው ክብረ ወሰን በአትላንታ የተመዘገበው የኃይሌ የራሱ ነው። እንግዲህ ያ መጠበቅ ለኃይሌ ሜዳሊያ አላስገኘለትም፤ ለሁለቱ ወጣቶችም በሰዓታቸው ላይ የጨመረላቸው ነገር የለም። ታዲያ ውድድሩን ያየ ሰው ከወርቁ ይልቅ ያንን ወደ ኋላ መዞር የሚያስታውሰው ስለ ምንድር ነው? በዚህ ጥያቄ ላይ በክፍላችሁ ውስጥ ከመምህራችሁ ጋራ ተወያዩበት።

ለ. የቃላት ፍች

አጦፈ፦ ፍጥነት ጨመረ። አረገበ፦ የተወጠረውን ላላ አደረገ፤ በምንባቡ ውስጥ ፍጥነት ቀነሰ ማለት ነው። ተፈተለከ፦ ከተያዘበት ወይም ከተከበበበት መካከል ድንገት ወጥቶ ሄደ። ክብረ ወሰን፦ በአንድ የውድድር ዐይነት ከሁሉ የላቀ ሆኖ የተመዘገበ ውጤት።

ሐ. ሰዋስው

1. ተደራራጊ። ተደራራጊ ግሥ ሁለት ወይም ከሁለት የበለጡ ሰዎች አንዱን ሥራ አንዱ በሌላው ላይ፣ ወይም አንዱ ከሌላው ጋራ የሚሠሩት መሆኑን ያመለክታል። አሠራሩም ሁለት ዐይነት ነው። አንዳንድ ግሥ በመነሻው ላይ «ተ» ጨምሮ የመጀመሪያ ፊደሉን ወደ ራብዕ ይለውጣል፤ ወለደ፣ ተዋለደ፤ ነከሰ፣ ተናከሰ፤ ገደለ፣ ተጋደለ። ሌላው ደግሞ ከመካከሉ አንዱን ፊደል በራብዕ ይደግማል፤ ከፈለ፣ ተከፋፈለ፤ ጠበቀ፣ ተጠባበቀ፤ ረዳ፣ ተረዳዳ።

የተደራራጊ ጠባይ ብቻውን አለመቆሙ ነው። «ቶሎሳ መራ» ብንል ዐረፍተ ነገሩ ሙሉ ነው። «ቶሎሳ መሪነቱን ተቀባበለ» ብንል ግን ሰሚው «ከማን ጋራ?» ብሎ ይጠይቃል። ስለዚህ ወይ ባለቤቱን ብዙ እናደርገዋለን፤ «ሦስቱ ሯጮች መሪነቱን ተቀባበሉ» እንላለን፤ ወይም «ከምሩጽና ከመሐመድ ጋራ» ብለን እንጨምራለን። ይህን ማሟያ መርሳት በተማሪዎች ድርሰት ውስጥ ዘወትር የሚታይ ስሕተት ነው።

2. አደራራጊ። የተደራራጊው «ተ» ወደ «አ» ሲለወጥ አደራራጊ ይሆናል፤ ተዋለደ፣ አዋለደ፤ ተላቀሰ፣ አላቀሰ፤ ተሯሯጠ፣ አሯሯጠ። እዚህ ላይ ተማሪው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ፤ አደራራጊ ሁለት ትርጕም አለው፤ ሁለቱም እጅግ የተራራቁ ናቸው።

የመጀመሪያው ሌሎች ሰዎች እርስ በርሳቸው አንድ ነገር እንዲያደርጉ ማድረግ ነው። ውሻና ውሻ የሚያናክስ፣ ወንድምና ወንድም የሚያጋድል፣ ጎረቤትና ጎረቤት የሚያጣላ ሰው ሁሉ በዚህ ውስጥ ይገባል። ራሱ አይነክስም፣ ራሱ አይገድልም፤ ዳር ቆሞ ያያል።

ሁለተኛው ትርጕም አንድ ሰው ሊሠራው የተነሣውን ሥራ እንዲሠራው ማገዝ ነው። ገበሬ በሬ ቢጠፋበትና ቢፈልግ «ገበሬው በሬውን ፈለገ» እንላለን። ጎረቤቱ አብሮት ወጥቶ ቢፈልግለት ግን «ጎረቤቱ በሬውን አፋለገው» እንላለን። በዚህ ዐረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ያለችው «ው» የምታመለክተው በሬውን አይደለም፤ የሚታገዘውን ገበሬ ነው። የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት አጋዡ ነው፤ ሥራው ግን የሌላ ሰው ሥራ ነው፤ በሬው ሲገኝም የሚገኘው ለገበሬው ነው።

በሴት ወገን ሲሠራ የቆየውን «አዋላጅ» የሚለውን ስም ተመልከቱ። አዋላጅዋ አልወለደችም፤ ልጁም የእርስዋ ልጅ ተብሎ አይጠራም። ያለ እርስዋ ግን እናትና ልጅ በሕይወት ላይገናኙ ይችሉ ነበር። ለቅሶ ቤት ሄዶ ሐዘንተኛን የሚያላቅስ ሰውም እንዲሁ ነው፤ የሞተው የእርሱ ዘመድ ባይሆንም የሌላውን ዕንባ ያግዛል። «አሯሯጭ» የሚለው ስም በዚሁ ሥርዐት የተሠራ ነው። ዛሬ በትላልቅ ውድድሮች አሯሯጭ የሚባለው ለዚሁ ተግባር ተከፍሎት ፍጥነቱን እስከ ተወሰነ ርቀት ድረስ ጠብቆ የሚመራና አብዛኛውን ጊዜ ውድድሩን ሳይፈጽም የሚወጣ ሯጭ ነው። የሞስኮዎቹ መሐመድና ቶሎሳ እንዲህ አልነበሩም፤ እስከ መጨረሻው መሥመር ድረስ ራሳቸውም ለድል ሮጠዋል። እያሯሯጡ መሮጥ ብቻውን ከማሯሯጥም ብቻውን ከመሮጥም የሚከብድ ነው።

«አሸነፈ» የሚለውን ግሥ ወስደን በዚህ ሥርዐት እናርባው ብንል ግን አንድ እንግዳ ነገር ይገጥመናል። «አሸናነፈው» ብሎ እንዲያሸንፍ አገዘው ለማለት የሚናገር ሰው ይህ ጸሐፊ እስካሁን አልሰማም። ከግሡ የወጣው «አሸናነፍ» የሚለው ስም ግን በሁሉም አፍ ላይ አለ፤ «አሸናነፉ ያስደስታል»፣ «አሸናነፉ አላማረኝም» ይባላል። ማኒንካ ያገኘውን ብርና ምሩጽ ያገኘውን ወርቅ ለመመዘን የምንፈልገው ይህንኑ ስም ነው።

ይህ ጸሐፊ የአደራራጊን ሁለተኛ ትርጕም የተማረው ከመጽሐፍ ቀድሞ ከማሳ ነው። ነገሩ ከሰዋስው የወጣ ቢመስልም ተማሪዎች ይታገሡና ያንብቡት።

በገጠር ሰዎች በጋራ የሚሠሩበት ልማድ ብዙ ዐይነት ነው። ወንፈል የሚባለው የሚቈጠርና የሚመለስ ነው፤ ዛሬ አንተ ለእኔ አንድ ቀን ካረስህ፣ ነገ እኔ ለአንተ አንድ ቀን አርሳለሁ። ደቦ ግን የሚጠራው ሰው ምሳና ጠላ ያዘጋጃል እንጂ ቀን ቈጥሮ ላይመልስ ይችላል። ስለዚህ ጉልበት የሌለው ሰው፣ ሽማግሌም ሆነ ባሏ የሞተባት ሴት፣ ወንፈል መግባት ባይሆንለት ደቦ ይጠራል። በአንድ የኅዳር ወር ቅዳሜ በጎረቤታችን በአንዲት ባልቴት ማሳ ላይ የጤፍ አጨዳ ደቦ ተጠራ። ሰማዩ ያለ ወሩ ጠቍሮ ነበር። ታጭዶ ያልተከመረ ጤፍ ዝናብ ካገኘው ምን እንደሚደርስበት የገበሬ ልጅ የሆናችሁ ታውቃላችሁ፤ የባልቴቲቱም የዓመት ቀለብ ያ ማሳ ብቻ ነበር።

ሃያ የምንሆን ሰዎች ማጭዳችንን ይዘን በአንድ ረድፍ ገባን። እኔ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ በቀኜ የነበረውን እኩያዬን ለመብለጥ ቸኵዬ ከረድፉ ወጥቼ ብቻዬን ወደ ፊት ገሰገስሁ። ዘወር ብዬ ሳይ እኩያዬ ከኋላዬ ርቆ ቀርቷል፤ ደስ አለኝ። የደቦው አለቃ ሽማግሌ ግን ሥራቸውን አቁመው እኔ ያለፍሁበትን ይመለከቱ ነበር። ያጨድሁት ለነዶ በማይመች አኳኋን ተበትኗል፤ በመካከልም ሳይታጨድ የቀረ ጤፍ እዚያና እዚህ ቆሟል።

«አንተ ልጅ» አሉኝ፤ «የምታጭደው ጤፉን ነው ወይስ ጓደኛህን?»

ሰዎቹ ሣቁ። እኔ አንገቴን ደፋሁ።

«እዚያ ዳር ያሉትን አባትህን ታያቸዋለህ? እጃቸውን ያማቸዋል። ሂድና አጫጭዳቸው።»

«እሺ፣ አባባ» ብዬ ሄድሁ። በረድፉ ዳር የነበሩት ሰው ቀኝ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ ይሁን እንጂ ከቤት አልቀሩም። እርሳቸው አንድ ጭብጥ ሲያጭዱ እኔ ሁለት እያጨድሁ፣ የእርሳቸውንም የእኔንም እየሰበሰብሁ ከረድፉ ጋራ እኩል ገጠምን። ከዚያ ወዲያ ረድፉ ሳይቈረጥ ማሳው አለቀ። ጀምበር ሳትጠልቅ ነዶው ሁሉ ተከመረ። ዝናቡ ግን በዚያ ቀን አልጣለም፤ ደመናው ወደ ሌላ አገር አለፈ። «በከንቱ ቸኰልን» ያለ ሰው ግን አልነበረም። ከዐሥር ዓመት በኋላ በመምህራን ማሠልጠኛ «አደራራጊ» የሚለውን ቃል በሰሌዳ ላይ ተጽፎ ባየሁ ጊዜ ትዝ ያለኝ የእኒያ ሽማግሌ ትእዛዝ ነው።

መ. ድርሰት፦ ባለቤት ስለ መምረጥ

ስለ አንድ የጋራ ሥራ ድርሰት የሚጽፍ ሰው በእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ላይ አንድ ውሳኔ ይወስናል፤ ባለቤት የሚሆነው ማን ነው? ይህን ውሳኔ ሳያስብበት የወሰነ ጸሐፊ ብዙ ጊዜ ያመለጠውን ሰው አያውቀውም። ከዚህ በታች ያለው በተማሪ የተጻፈ ነው፤ ስለ ዱላ ቅብብል ሩጫ ይናገራል።

«ባለፈው ሳምንት ክፍላችን በዱላ ቅብብል አሸነፈ። አራተኛው ሯጫችን በጣም ፈጣን ነው። ዱላውን እንደ ተቀበለ እንደ ነፋስ በረረ። ሁሉንም ቀደማቸው። ተማሪዎች ሁሉ ተሸክመው አጨበጨቡለት።»

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የፊደል ስሕተት የለም። ዐረፍተ ነገሮቹ አጫጭርና ንጹሓን ናቸው። የጐደለውን ለማግኘት ግን «ዱላውን ከማን ተቀበለ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ሦስት ሰዎች ከጽሑፉ ጠፍተዋል። ተማሪው በኋላ ሲጠየቅ እንደ ተናገረው ሁለተኛው ሯጭ ዱላውን ሲቀበል እጁ ላይ ሊወድቅበት ተቃርቦ ነበር፤ ሦስተኛው ደግሞ የጠፋውን ጊዜ ለማካካስ በሙሉ ኃይሉ ሮጦ ከመሥመሩ ሲወጣ ወድቆ ጉልበቱ ተላልጧል። እንዲህ ያለውን ሁሉ እያወቀ አልጻፈውም። ለምን እንዳልጻፈው ሲጠየቅ «የሚያስፈልግ አልመሰለኝም፤ ያሸነፍነው በአራተኛው ነው» አለ።

አንዳንድ ተማሪ ደግሞ ይህን ስሕተት ለማረም ሲል ወደ ሌላ ስሕተት ይገባል። «ሁላችንም እኩል ሠራን፤ ማንም ከማንም አይበልጥም» ብሎ ይጽፋል። ይህም እውነት አይደለም። አራተኛው ሯጭ በእርግጥ ከሁሉ ይፈጥን ነበር፤ በሞስኮም በመጨረሻው 300 ሜትር የምሩጽን ያህል ሊፈተለክ የሚችል ሌላ ሰው አልነበረም። ኅብረትን ለማመስገን ሲባል የአንዱን ሰው ችሎታ መደምሰስ ሌላ ዐይነት ግፍ ነው። ጸሐፊው የሚጠበቅበት የእያንዳንዱን ሰው ድርሻ በመጠኑ ማስቀመጥ ነው። ለዚህም አድራጊ፣ ተደራራጊና አደራራጊ ግሦች በየቦታቸው ያስፈልጉታል። የተማሪው ጽሑፍ እንደሚከተለው ሊታረም ይችላል።

«ባለፈው ሳምንት የክፍላችን አራት ሯጮች ዱላ እየተቀባበሉ አሸነፉ። ሁለተኛው ዱላውን ሲቀበል ሊጥለው ምንም ያህል ስላልቀረው ጥቂት ዘገየ። ሦስተኛው ይህን ባየ ጊዜ የጠፋውን ጊዜ ሊያካክስ ያለ የሌለ ኃይሉን አሟጦ ሮጠ፤ ዱላውን አቀብሎ እንደ ጨረሰም ወድቆ ጉልበቱ ተላለጠ። አራተኛው፣ ከአራቱም ፈጣኑ፣ ከፊቱ የነበሩትን ሁለት ሯጮች ቀድሞ ገባ። ተማሪዎች ሲሸከሙት እርሱ ጣቱን ወደ ሦስተኛው ይቀስር ነበር።»

የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ተማሪው ከጻፈው የወጣ አይደለም፤ በቃል የተናገረው ነው። በመጀመሪያው ጽሑፍ ውስጥ ቦታ ያጣው ሦስተኛው ሯጭ ስላልተጠቀሰ ነው፤ ያልተጠቀሰን ሰው በጣት ማሳየት አይቻልም።

መልመጃ

1. ከምንባቡ ውስጥ ተደራራጊ የሆኑትን ግሦች ሁሉ አውጥታችሁ ጻፉ። ከእያንዳንዱም አድራጊውን አውጡ። (ምሳሌ፦ ተከፋፈለ፣ ከፈለ።)

2. ከሚከተሉት ግሦች አደራራጊ መሥርቱ፤ ከመሠረታችሁም በኋላ ትርጕሙ ማገዝ ነው ወይስ ሌሎችን እርስ በርስ ማገናኘት? ወይስ ሁለቱንም ሊሆን ይችላል? ለይታችሁ ዐረፍተ ነገር ሥሩበት። ፈጨ፣ ወቃ፣ አረመ፣ ነከሰ፣ አለቀሰ።

3. «ረዳ» የሚለውን ግሥ በአምስቱ አዕማድ አርቡ። «ተረዳ» እና «አስረዳ» የሚሉት ቃላት በዕለት ንግግር የያዙት ትርጕም ከመነሻቸው ጋራ ምን ግንኙነት እንዳለው በሦስት ዐረፍተ ነገር አስረዱ።

4. «ቀነኒሳ በአቴንስ አሸነፈ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ኃይሌን ባለቤት አድርጋችሁ፣ ከዚያም ስለሺን ባለቤት አድርጋችሁ፣ ከምንባቡ ያገኛችሁትን እውነት ሳታዛቡ ሁለት ጊዜ ጻፉ።

5. በአካባቢያችሁ በደቦ፣ በእድር ወይም በሌላ ኅብረት የተሠራ አንድ ሥራ መርጣችሁ፣ በቦታው ከነበሩ ሁለት ሰዎች ዘንድ ሄዳችሁ ጠይቁ። ከሁለት ገጽ ያልበለጠ ድርሰት ጻፉ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ የዐረፍተ ነገሮቻችሁን ባለቤቶች በተለየ ወረቀት ላይ ዘርዝሩ፤ ከጠየቃችኋቸው ሰዎች ስማቸውን የሰማችሁትና በዝርዝሩ ውስጥ የሌሉት እነማን እንደ ሆኑ ከሥሩ ጻፉና ሁለቱን ወረቀቶች አያይዛችሁ ለመምህራችሁ አስረክቡ።